ለ9 ዓመት «ታይፎይድ ነው» ሲባል የኖረው ራስ ምታቴ ማይግሬን ነበር

መምህርት ዘጎዛምን (ደብረ ማርቆስ) | መጋቢት 6

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪዬ ፈተና ላይ ሳለች ራሷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጓደኛዋ እየመራቻት ከክፍል ወጣች። ምን እንደ ሆነች ስጠይቅ ልጆቹ «ታይፎይዷ ተነሥቶባት ነው፤ በየወሩ ይነሣባታል» አሉኝ። ይህንኑ ዐረፍተ ነገር እኔም ለ9 ዓመት ስለ ራሴ ስናገረው ስለ ኖርሁ የዚያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የምጽፈውም ስለዚህ ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ የኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ሲሆን በወር አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ ይመጣል። ሊመጣ ሲል፣ በዋዜማው፣ ሳልደክም ደጋግሜ አዛጋለሁ፣ ማጅራቴን ይገትረኛል፣ በትንሽ በትልቁ እቆጣለሁ፤ ይህ የሕመሙ መግቢያ መሆኑን ያወቅሁት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ አንዳንድ ጊዜ ዓይኔ ይታወካል። ሰሌዳው ላይ 348 ብዬ ጽፌ የመካከለኛዋ 4 አትታየኝም፤ በስፍራዋ የሚርገበገብ ብርሃን አለ፤ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው፤ ቀስ በቀስ እየሰፋ ወደ ዳር ይሄድና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይጠፋል። እርሱ ሲጠፋ ከግራ ዓይኔ በላይ ፍልጠቱ ይጀምራል። ከልቤ ትርታ ጋር አብሮ ይመታል፤ ደረጃ ስወጣ ወይም ጎንበስ ስል ይብሳል፤ ከጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያ የሚያንጸባርቀው ፀሐይ ዓይኔን ይወጋኛል፤ የተማሪ ጫጫታ፣ የሽንኩርት ቁሌት፣ ሌላው ቀርቶ በደኅናው ቀን የምወደው የዕጣን ጢስ ያቅለሸልሸኛል። አስመልሶኝ፣ መስኮት ዘግቼ፣ ራሴን በሻሽ ጥፍር አድርጌ አስሬ አንድ ቀን ተኩል ያህል እተኛለሁ። ከለቀቀኝም በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ጉልበቴ ይዝላል፣ ሐሳቤም አይሰበሰብልኝም።

መጀመሪያ ደሜ ተመርምሮ «ታይፎይድና ታይፈስ አለ» ተባልሁ፤ የተሰጠኝን ኪኒን ዋጥሁ፤ በሁለተኛው ቀን ተሻለኝ። በሚቀጥለው ወር ሲመለስ «አልጠፋልሽም» ተብዬ ሌላ ጠንከር ያለ ተሰጠኝ፤ አሁንም በሁለተኛው ቀን ተሻለኝ። በሌላ ጊዜ ሳይነስ ነው ተባልሁ፤ በሌላ ጊዜ የዓይን ነው ተብዬ መነጽር ገዛሁ። እናቴ በበኩሏ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሽታ ትቀባኝ ነበር፤ ጸበልም ሄጃለሁ፤ በእምነቴ አሁንም እሄዳለሁ። ከእነዚህ ከእያንዳንዳቸው በኋላ ተሽሎኛል፤ ከእያንዳንዳቸውም በኋላ በወሩ ተመልሷል።

ያልገባኝ ነገር ይህ ነበር፦ ሕመሙ በተፈጥሮው በአንድ ወይም በሁለት ቀን በራሱ ጊዜ የሚለቅ ስለ ሆነ፣ በዚያ መካከል የወሰድሁት ሁሉ ያዳነኝ ይመስለኝ ነበር። ፀረ ተሕዋስያኑንም፣ ዳማከሴውንም፣ መነጽሩንም በየተራ አመስግኛለሁ።

በመጨረሻ ያየኝ የውስጥ ደዌ ሐኪም ደም አላዘዘልኝም። ወንበሩን አቅርቦ ጠየቀኝ፦ ስንት ጊዜ ታመምሽ? ሳትታከሚ ስንት ሰዓት ይቆያል? በአንድ ወገን ነው ወይስ በሁለቱም? ይመታል ወይስ ይጨመድዳል? መራመድ ያብሰዋል? ያስመልስሻል? ብርሃንና ድምፅ ያውክሻል? በመካከሉ ባሉት ቀናት ፍጹም ጤነኛ ነሽ? ከዚያ አካሌን መረመረ፤ በዓይኔ ውስጥ በመብራት ተመለከተ፤ ክንዶቼንና እግሮቼን አንቀሳቀሰ፤ ግፊቴን ለካ። ከዚያም ማይግሬን የሚታወቀው በታሪኩ መሆኑን አስረዳኝ፦ ቢያንስ 5 ጊዜ የተከሠተ፤ ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት የሚቆይ፤ በአንድ ወገን መሆን፣ መምታት፣ የሕመሙ መካከለኛ ወይም ብርቱ መሆን፣ በእንቅስቃሴ መባስ ከሚሉት አራቱ ሁለቱን የያዘ፤ በዚያም ላይ ወይ ማቅለሽለሽ ወይም ብርሃንንና ድምፅን መጥላት ያለበት፤ ሌላ ምክንያትም ያልተገኘለት። ያ የሚርገበገበው ብርሃን ኦራ ይባላል፤ ከታማሚው ሁሉ የሚያየው ጥቂቱ ነው፤ ስለዚህ ኦራ የለኝም ብሎ ማይግሬን አይደለም ማለት አይቻልም።

የሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ ደብተር ነበር። ቀኑን፣ የጀመረበትን ሰዓት፣ ያለፈውን ሌሊት እንቅልፌን፣ የበላሁትንና ያልበላሁትን፣ የወር አበባዬን ቀን፣ የዋጥሁትን ኪኒን ቁጥር እንድጽፍ አዘዘኝ። የስድስት ወሩን ሳገላብጠው ካሉት 9 ጥቃቶች 6ቱ የወር አበባዬ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ወይም በመጣ ማግስት መሆናቸውን አየሁ። የሒሳብ መምህርት ሆኜ ይህን ሳልቆጥር 9 ዓመት መቆየቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

እናንተስ እንዴት ለያችሁት? በተለይ በቤታችሁ «ታይፎይድ የማይለቀው» ሰው ካለ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።


ባለወፍጮው (ቡሬ) | መጋቢት 7

እኅቴ መምህርት፣ ጽሑፍዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ዕድሜዬ 47 ነው። በወጣትነቴ እርስዎ እንደ ገለጹት ያለ፣ በወር አንዴ የሚያስተኛ ራስ ምታት ነበረብኝ፤ አባቴም ነበረበት። አሁን ግን መልኩን ለውጧል። በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ጠዋት ገና ከእንቅልፌ ስነሣ ግንባሬን እንደ ጠፍር አጥብቆ ይዞኝ እነቃለሁ። የወፍጮው ድምፅና የናፍጣው ጢስ ነው ብዬ ልጄን በቦታዬ ለአንድ ወር አስቀምጬ ነበር፤ አልተሻለኝም። ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት ማስታገሻ ካልዋጥሁ ቀኑን መግፋት አልችልም፤ እንዲህ ከሆንሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ኪኒኑን ከሱቅ እገዛለሁ፤ ጨጓራዬም አሁን አሁን ያቃጥለኛል። እንደ እርስዎ ከሆነ ይህም ማይግሬን ነው ማለት ነው ወይስ ሌላ?


የሞጣ ልጅ | መጋቢት 7

መምህርት ያሉት ሁሉ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ምችን ከቁጥር ማስወጣታቸው አልተስማማኝም። አያቶቻችን ፀሐይ ላይ ውሎ የመጣን ሰው ራሱን ሲያመው፣ ሲያስመልሰውና ብርሃን ሲያስጠላው እያዩ ነው ምች ያሉት። ዳማከሴ አሽተው፣ ጤና አዳም አሽትተው፣ በጨለማ ክፍል አስተኝተው ያሽሉት ነበር። እኔም ከገበያ ስመለስ በፀሐይ ተመትቼ ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆኜ በዳማከሴ ተሽሎኛል። የአገር እውቀትን እንዲህ በቀላሉ መተው አይገባም።


መምህርት ዘጎዛምን | መጋቢት 8

ወንድሜ የሞጣው ልጅ፣ አያቶቻችን ያዩት ትክክል ነው፤ ይህን ከልቤ እላለሁ። ፀሐይና ሙቀት፣ በተለይም ውኃ ሳይጠጡ ረጅም መንገድ መሄድ፣ ማይግሬን ባለበት ሰው ላይ ጥቃቱን በእርግጥ ይቀሰቅሳል። ጨለማ ክፍልና እንቅልፍ ደግሞ ዛሬም ሐኪሞች የሚያዝዙት ነው። እኔ የማወራው ስለ ቀረው ክፍል ነው። ደብተሬ ላይ ዳማከሴ የተቀባሁባቸውን 4 ጊዜያትና ያልተቀባሁባቸውን 5 ጊዜያት ለይቼ ተመለከትሁ፤ የሕመሙ ርዝመት አንድ ነው። ሽታው ያሳርፈኛል፣ የእናቴ እጅ ግንባሬ ላይ መሆኑም ያጽናናኛል፤ ስለዚህ አልተውሁትም። ነገር ግን መድኃኒቴን ትቼ እርሱን ብቻ አልጠብቅም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ፦ ሕመሙ ይወጣል ተብሎ ግንባርን ወይም ከጆሮ በላይ ያለውን ቦታ በምላጭ መብጣት ይቅር። የአጎቴ ልጅ በዚህ ምክንያት ቁስሉ መግሎበት ሳምንታት ተሠቃይቷል።

ለቡሬው ወንድሜ መልስ ለመስጠት እውቀቴ አይፈቅድልኝም፤ እዚህ የጤና ባለሙያዎች እንዳሉ ስለማውቅ እነርሱ ቢመልሱልን።


ጤና መኮንን ዘደንበጫ | መጋቢት 9

በጤና ጣቢያ ለ11 ዓመት ስሠራ ስለ ቆየሁ፣ መምህርት ስላነሡት የታይፎይድ ነገር መናገር ግዴታዬ ነው። በብዙ ቦታ የምንጠቀምበት የዊዳል ምርመራ የሚያየው ተሕዋሲውን ራሱን አይደለም፤ ሰውነት ያዘጋጀውን መከላከያ ነው። ያ መከላከያ ከቀድሞ በሽታ ወይም ከክትባት የቀረ ሊሆን ይችላል፤ በሌላ ተሕዋሲ ምክንያትም ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ «አለ» የተባለ ዊዳል ብቻውን ታይፎይድን አያረጋግጥም። ታይፎይድ እየጨመረ የሚሄድና ለቀናት የማይወርድ ትኩሳት ያለበት በሽታ ነው፤ ያለ ትኩሳት በየወሩ እየመጣ በሁለት ቀን የሚለቅ ሕመም የእርሱ ጠባይ አይደለም። ሳይነስም እንዲሁ ነው። እውነተኛ የሳይነስ ቁስለት ወፍራም ቀለም ያለው ንፍጥ፣ የማሽተት መቀነስ፣ ብዙ ጊዜም ትኩሳት አለው። በማይግሬን ጊዜ ግን ዓይን ሊያነባና አፍንጫ ሊዘጋ ስለሚችል፣ ሳይነስ አለብኝ ብለው ከሚኖሩት ብዙዎቹ ማይግሬን ያለባቸው ሆነው ይገኛሉ።

ይህን ካልሁ በኋላ ከሌላኛው ወገን ያለውን አደጋ ልናገር፤ ይህን ክር አንብቦ ማንኛውንም ራስ ምታት ማይግሬን ነው ብሎ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው እንዳይኖር እፈራለሁና። በሰከንዶች ውስጥ ድንገት ፈንድቶ ከፍተኛ ደረጃ የደረሰ፣ በሕይወት ታይቶ የማይታወቅ ራስ ምታት፤ ትኩሳት ያለው፣ አንገት የሚያደርቅ ወይም የሚያቃዥ፤ በአንድ ወገን እጅና እግርን የሚያደክም፣ አፍ የሚያጣምም፣ አንደበት የሚይዝ፤ የሚጥል፤ ራስን ከተመቱ በኋላ የመጣ፤ ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረ፤ ከሳምንት ሳምንት ያለ ማቋረጥ እየባሰ የሚሄድ፤ ሲያስሉ ወይም ሲያምጡ የሚፈነዳ፤ እነዚህ ሁሉ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ናቸው። ነፍሰ ጡር ሴት ከአምስተኛው ወር በኋላ፣ ወይም አራስ ሴት፣ ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር ከያዛት ግፊቷ በዚያው ቀን መለካት አለበት። ከበረሃው ወገን፣ ከአባይ ሸለቆ ቀበሌዎች የምትጽፉ ደግሞ፣ በተለይ ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያለበትን ራስ ምታት ወባ እንደ ሆነ ቆጥራችሁ ተመርመሩ። ማጅራት ገትርም በሰዓታት ውስጥ የሚገድል በመሆኑ አይጠበቅበትም።

ጋሼ ባለወፍጮው፣ የእርስዎን ነገር የመድኃኒት ባለሙያው ቢያስረዳ ይሻላል፤ እስከዚያው ግን የጨጓራውን ማቃጠል ችላ አይበሉት። ሰገራዎ እንደ ቅጥራን ከጠቆረ በዚያው ቀን ይታዩ።


ፋርማሲስት ዘጣና (ባሕር ዳር) | መጋቢት 10

ጋሼ ባለወፍጮው ያሉት ታሪክ በየቀኑ ከመስኮቴ ፊት የሚቆም ታሪክ ስለ ሆነ በዝርዝር ልመልስ።

ማይግሬን ያለበት ሰው ማስታገሻን አዘውትሮ ሲወስድ፣ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ማምጣት ይጀምራል። ፓራሲታሞልን ወይም አይቡፕሮፌንን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ለማይግሬን የሚሰጡትን ኤርጎታሚንንና ትሪፕታኖችን፣ ጠንካራውን ማስታገሻ ትራማዶልን ወይም ካፌይን የተቀላቀለበትን ድብልቅ ማስታገሻ ደግሞ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ለበለጠ ጊዜ የወሰደ ሰው ወደዚህ ሊገባ ይችላል። ምልክቱ ጋሼ እንደ ጻፉት ነው፦ ቀድሞ አልፎ አልፎ ይመጣ የነበረው በየቀኑ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ሰው ሲነቃ አብሮት ይነቃል፤ ኪኒኑ ለጥቂት ሰዓት ያስታግሰዋል፤ ከዚያ ተመልሶ ሌላ ኪኒን ይጠይቃል። መፍትሔው ያንን ማስታገሻ ማቆም ነው። በቆመ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙ ይብሳል፤ ይህ መባስ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 10 ቀን የሚቆይ ሲሆን፣ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚመለሰውም በዚሁ ጊዜ ነው። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን በአንድ ጊዜ ሊቆሙ ይችላሉ፤ ትራማዶልን የመሰለውን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ግን በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ እንጂ በድንገት ማቆም የለበትም። ጋሼ፣ የሚዋጡት ኪኒን ስሙ ምን እንደ ሆነ ማሸጊያውን ይዘው ለሐኪም ያሳዩ።

ሁለተኛው ነገር የሰዓት ጉዳይ ነው። ሰዎች ሕመሙ እስኪጠና ድረስ «ልቻለው» ብለው ይጠብቃሉ፤ ይህ ጨዋነት እንጂ ሕክምና አይደለም። በማይግሬን ጥቃት ጊዜ ጨጓራ ሥራውን ስለሚያዘገይ፣ ዘግይቶ የተዋጠ ኪኒን እዚያው ተቀምጦ ይቀራል ወይም ከትውከት ጋር ይወጣል። ጨጓራውና ኩላሊቱ ደኅና የሆነ፣ ነፍሰ ጡርም ያልሆነች ዐዋቂ ሰው ሕመሙ ገና ሲጀምር፣ ቀላል ሳለ፣ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም ከትንሽ ምግብ ጋር፣ ያ የማይስማማው ደግሞ ፓራሲታሞል 1000 ሚሊ ግራም ሙሉውን በአንድ ጊዜ ቢወስድ፣ ከአምስት ሰዓት በኋላ ከሚወስደው የተሻለ ይሠራለታል። ግማሽ ኪኒን እየቆረሱ ቀኑን ሙሉ መዋጥ ከሁሉ የከፋው አወሳሰድ ነው። ትውከት ለሚያስቸግረው ሰው ሐኪም ሜቶክሎፕራማይድ ሊጨምርለት ይችላል። ለማይግሬን ተብለው የተሠሩት ትሪፕታኖች ናቸው፤ የመጀመሪያው ሱማትሪፕታን በ1991 እ.ኤ.አ. ለሕክምና የዋለ ሲሆን የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ያካተተው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። የልብ ደም ሥር በሽታ ወይም ስትሮክ ላለበት፣ ግፊቱም ላልተቆጣጠረ ሰው አይሰጥም። ኤርጎታሚንን ደግሞ ነፍሰ ጡር ሴት በፍጹም አትወስድም።

ጥቃቱ በወር አራት ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ጥቂትም ሆኖ ሥራ የሚያስቀር ከሆነ፣ በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ። በአገራችን በብዛት የሚገኙት ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን ናቸው። ፕሮፕራኖሎል አስም ላለበት ሰው አይሆንም። አሚትሪፕቲሊን ማታ በትንሹ የሚጀመር፣ አፍ የሚያደርቅና የሚያስተኛ ነው፤ «ይህ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ነው» ብለው ሰዎች የሚመልሱት በከንቱ ነው፤ ለማይግሬን የሚሰጠው መጠን ትንሽ ነው፤ የሚሰጠውም ለራስ ምታቱ ነው። ሁለቱም መሥራት አለመሥራታቸው የሚታወቀው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ከተወሰዱ በኋላ ስለ ሆነ፣ በሳምንቱ «አልሠራልኝም» ማለት አይቻልም። ቫልፕሮዌት ደግሞ በፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ ልትወልድ የምትችል ሴት ለማይግሬን ልትወስደው አይገባም።


ዲያቆን ዘዋሸራ | መጋቢት 12

ጾሙ በተያዘበት በዚህ ወቅት ዝም ማለት አልቻልሁም። የቅኔ ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ ይህ ሕመም አለብኝ። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ስለምንቆይ፣ የጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት ታምሜ ሳልተኛ ያለፈበት ዓመት የለም። ረኃቡ ነው? ውኃ ጥሙ ነው? ወይስ ሌሊት ለማሕሌት መቆሙ? ጾሜን መተው አልፈልግም፤ ግን በቅዳሴ መካከል ዓይኔ ጨልሞ ከቅኔ ማሕሌት የወጣሁባቸው ቀናት አሉ።


መምህርት ዘጎዛምን | መጋቢት 12

አባቴ ዲያቆን፣ እኔም እጾማለሁና ደብተሬ ያስተማረኝን ልንገርዎት። ሦስቱም ይቀሰቅሳሉ፤ የማይግሬን ጭንቅላት ልማድ ሲለወጥበት ይታወካል፤ ምግብ ሲያልፍ፣ እንቅልፍ ሲጎድል ወይም ከልክ ሲያልፍ፣ ውኃ ሲያንስ። ነገር ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው አራተኛ ነገር አለ፤ እርሱም ቡና ነው። በየጠዋቱ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ስንጠጣ ከርመን፣ በጾሙ መግቢያ ሰኞ ጠዋት በድንገት እናቋርጣለን። ካፌይን የለመደ ሰው ከመጨረሻው ሲኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራስ ምታት ይጀምረዋል፤ ለቀናትም ሊቆይ ይችላል። እኔ አሁን ከቅበላው ሁለት ሳምንት በፊት የጠዋቱን ቡና ከሦስት ሲኒ ወደ ሁለት፣ ከዚያም ወደ አንድ እያወረድሁ እመጣለሁ፤ በመጀመሪያው ዓመት የጾሙ መግቢያ ሳምንት ያለ ሕመም አለፈልኝ። ማታ ከመተኛቴ በፊት ውኃ በርከት አድርጌ እጠጣለሁ፤ ሽሮውና ምስሩም እንዳይቀርብኝ አደርጋለሁ፤ ባዶ እንጀራ በበርበሬ በልቼ አልተኛም።

ሕመሙ ከተነሣ በኋላ ግን መድኃኒት ለመውሰድ 9 ሰዓትን መጠበቅ የለብዎትም ብዬ አምናለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን በሽተኛን እንደማታስጨንቅ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። እኔ ለንስሐ አባቴ ደብተሬን አሳይቻቸው ሲያነቡት ቆይተው፣ በሕመሙ ቀን መድኃኒቱን በውኃና በቁራሽ እንጀራ እንድወስድ ፈቅደውልኛል። የእርስዎም አባት ቢያዩት መልካም ነው።


ጤና መኮንን ዘደንበጫ | መጋቢት 12

መምህርት ስለ ቡናው በጻፉት ላይ አንዲት ቃል ልጨምር፦ ጠላና አረቄም ይቆጠሩ። ፋሲካ ሲገባ ከረጅም ጾም በኋላ በአንድ ሌሊት የሚጠጣው አረቄ በማግስቱ ጤና ጣቢያችንን የሚሞላበት ምክንያት አንዱ ይኸው ነው። ስለ ሌላው ምግብ ግን ሰው ሁሉ አንድ አይደለም፤ ደብተሩ ያልከሰሰውን ምግብ በወሬ ብቻ አትተዉ።


ስሜ ይቆይ (ብቸና) | መጋቢት 15

እኔ ኦራ የሚባለው አለብኝ፤ ብርሃኑ ብቻ ሳይሆን የቀኝ እጄ ጣቶች ይደነዝዙና መደንዘዙ እየወጣ ወደ ከንፈሬ ይደርሳል፤ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይለቀኛል። ጎረቤቶቼ የዓይን ነው፣ የቡዳ ነው ይሉኛል። ከወለድሁ ወዲህ በየቀኑ የሚዋጥ የወሊድ መከላከያ ጀምሬአለሁ፤ ከዚያ ወዲህ በወር አራት ጊዜ ይመጣብኛል። ግንኙነት አለው?


ጤና መኮንን ዘደንበጫ | መጋቢት 15

እኅቴ፣ ሊኖረው ይችላል፤ ይህን ነገር ችላ አይበሉት። ኦራ ያለበት ማይግሬን ያላት ሴት ኤስትሮጅን ያለበትን ድብልቅ የወሊድ መከላከያ ስትወስድ የስትሮክ አደጋዋ ከፍ ስለሚል፣ ያ ዓይነቱ መከላከያ ለእርሷ አይሰጥም። የያዙት ኪኒን ድብልቁ ይሁን ፕሮጀስቲን ብቻ ያለበት በማሸጊያው ስለሚታወቅ፣ ነገ ጠዋት ይዘውት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱና ይህንኑ የጻፉልንን ይንገሩ። በክንድ የሚቀበረው፣ በየሦስት ወሩ የሚወጋው መርፌና ኤስትሮጅን የሌለባቸው ሌሎችም አማራጮች አሉ፤ ያለ መከላከያ አይቀሩም። ስለ መደንዘዙ ደግሞ፣ ቀስ በቀስ በደቂቃዎች እየተጓዘ መስፋቱና ከአንድ ሰዓት በታች መልቀቁ የኦራ ጠባይ ነው፤ በድንገት በአንድ ጊዜ ግማሽ አካልዎን ከያዘ ወይም ካልለቀቀ ግን ሌላ ነውና ወዲያው ሆስፒታል ይድረሱ። መደንዘዙ ከዚህ በፊት በሐኪም ታይቶ የማያውቅ ከሆነ በነገው ቀጠሮ እርሱንም ያስመርምሩ።


የዳንግላ እናት | መጋቢት 19

የ8 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ፊቱ ነጭ ሆኖ፣ ግንባሬን አመመኝ ብሎ፣ አስመልሶት ይተኛል፤ ሁለት ሰዓት ከተኛ በኋላ ተነሥቶ ምንም እንዳልሆነ ኳስ ይጫወታል። አባቱ ትምህርት ሲጠላ ነው ይላል። እኔ በልጅነቴ እንዲሁ ነበርሁ። ሕፃን ማይግሬን ይይዘዋል?


ፋርማሲስት ዘጣና | መጋቢት 19

ይይዘዋል፤ በቤተሰብም ይወርዳል። በልጆች ላይ አጭር ነው፤ ሁለት ሰዓት ብቻ ሊቆይ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም በአንድ ወገን ሳይሆን በግንባሩ በሁለቱም በኩል ነው፤ እንቅልፍም ይፈውሰዋል። ትምህርት ስለ ጠላ ብቻ የልጅ ፊት እንዲህ አይነጣም። ሐኪም አንድ ጊዜ ሊያየው ይገባል፤ በተለይ ጠዋት ጠዋት የሚያስመልሰው ከሆነ፣ አረማመዱ ከተዛባ ወይም ዓይኑ ከተንሸዋረረ ፈጥነው ይውሰዱት። ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን በክብደቱ ተሰልቶ ይሰጠዋል፤ አስፒሪን ግን ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። ቁርስ በልቶ መሄዱንና ውኃ ይዞ መሄዱን ይዩ፤ አባቱም ቢያንስ አንድ ጊዜ በሕመሙ ሰዓት አጠገቡ ይቀመጥ።


ባለወፍጮው | ግንቦት 21

እኅት ወንድሞቼ፣ ሁለት ወር ጠፍቼ ነበር። ማሸጊያውን ይዤ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ፤ ከፓራሲታሞሉ ጋር የምዋጠው ሁለተኛው ካፌይን ያለበት ድብልቅ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ሁለቱንም አቆመኝና ማታ የምወስደው አሚትሪፕቲሊን ሰጠኝ፤ ለጨጓራዬም ሌላ መድኃኒት አዘዘልኝ። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። በአራተኛው ቀን ሌሊት ሱቁን አስከፍቼ ለመግዛት ተነሥቼ ነበር፤ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ የፋርማሲስቱን ጽሑፍ ከስልኳ አነበበችልኝ፤ «እስከ 10 ቀን ነው ብሏል፤ ስድስት ቀርቶሃል» አለችኝ። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ግንባሬ ሳይያዝ ነቃሁ፤ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ለጥቂት ጊዜ ዝም አልሁ።

እንደ መምህርት ምክር ደብተር ይዣለሁ። በመጋቢት ያመመኝ ቀናት ብዛት 26 ነበር፤ በሚያዝያ 13፣ በዚህ ወር እስከ ዛሬ 5። አምስቱም የጥንቱ፣ የወጣትነቴ ዓይነት ናቸው፤ ያስተኛሉ፤ ግን ይለቃሉ። ሐኪሙ ማስታገሻ በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ እንዳልወስድ ወስኖልኛል። በወፍጮው ቤት ጆሮዬን መሸፈን ጀምሬአለሁ፤ ምሳም በሰዓቱ እበላለሁ፤ ድሮ እህሉ እስኪያልቅ እያልሁ እስከ 10 ሰዓት እቆይ ነበር።


መምህርት ዘጎዛምን | ግንቦት 23

ጋሼ፣ የእርስዎን ጽሑፍ ለሥራ ባልደረቦቼ በመምህራን ክፍል ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው።

ተማሪዬን በተመለከተ፣ እናቷን አስጠርቼ አነጋገርኋቸው። መጀመሪያ ፈሩኝ፤ ትምህርት ልታቋርጥ ነው ብዬ የጠራኋቸው መስሏቸው። ልጅቷ ከሚያዝያ ጀምሮ በሒሳብ ደብተሯ የኋላ ገጽ ስትመዘግብ ቆይታ ትናንት አሳየችኝ፦ ስድስት ቀናት ናቸው፤ አራቱ ቁርስ ሳትበላ በመጣችባቸው ጠዋቶች ላይ ያረፉ፤ ከቤቷ እስከ ትምህርት ቤት አንድ ሰዓት ከሩብ በእግር ትመጣለች። ትኩሳት በአንዱም ቀን አልተመዘገበም። ያንን ገጽ ይዘው ሰኞ ከእናቷ ጋር ሐኪም ዘንድ ይሄዳሉ። ለሰኔው ፈተና ደግሞ ከመስኮቱ ርቃ፣ ከግድግዳው ወገን እንድትቀመጥና የውኃ ዕቃዋን ይዛ እንድትገባ ከፈታኞቹ ጋር ተነጋግሬ ፈቅደውልኛል።